ባርጁ መጥቶ እስኪሄድ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤቴ ልጆች ኬክ አስቆረጡኝ፣ ካባ አለበሱኝ፣ ከዚያ በየተራ እየተነሱ አሞገሱኝ። ሰው በሕይወቱ እንዲህ የሚሞገሰው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለተኛውን ደግሞ ራሱ አይሰማውም። ከንግግሮቹ ሁሉ ጆሮዬን ያቆመው የአንዱ ነው። «እትዬ ሰብለ ያስተማሩን ነገር ቢኖር፣ ባርጁ መጥቶ ሳይሄድ ምንም ነገር እንዳናጠፋ ነው» አለ። ሁሉም ሳቁ። ከመካከላቸው ባርጅ ያየ አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔም ዓመታት ሙሉ ሳላስረዳቸው ነው ስነዘንዛቸው የኖርኩት። ጠይቀውኝም አያውቁም፣ የአሮጊት ተረት መስሏቸው ይሆናል። አሁን ጊዜ ስላለኝ ልናገረው።

ሙያዬ ዳታቤዝ መጠበቅ ነው። መረጃ በሠንጠረዥ በሠንጠረዥ ተደርድሮ፣ አንዱ ከሌላው ተሳስሮ የሚቀመጥበትን ቤት መጠበቅ ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ስጀምር ክፍላችን «ኮምፒውተር ክፍል» ይባል ነበር፤ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ነበር የምንገባው። እዚያ ብዙ ዓመት ቆየሁ። ሱዳኖች የሰላም ስምምነቱን በተፈራረሙ በዓመቱ ታላቅ እህቴ ዘውዴ ጁባ ሄዳ ቡሉክ ሰፈር ሆቴል ከፈተች። ሆቴል እንበለው እንጂ በቆርቆሮ የተከለሉ ክፍሎችና ከማንጎ ዛፍ ሥር የተደረደሩ የፕላስቲክ ወንበሮች ነበሩ። «ነይና ሂሳቡን ያዢልኝ» አለችኝ። ሄድኩ። ሁለት ወር ሳይሞላን ተጣላን። ከእህት ጋር መብላት እንጂ መሥራት አይቻልም፤ እሷም ብትጠየቅ ይህንኑ ነው የምትለው።

ከዚያ ጣጣ ያወጡኝ ጋሽ ኑረዲን ናቸው። የወሎ ሰው ናቸው፣ ካርቱም ብዙ ዘመን ኖረዋል፣ ዐረብኛው እንደ አማርኛው ይቀናቸዋል። ሙስሊም ስለሆኑ የዘውዴን ቤት ሥጋ ትተው ምሳቸውን ሽሮ ያዝዙና ወጥ ቤቱን በምስጋና ያንበሸብሹታል። በነጭ ዓባይ ላይ ዕቃ የሚያጓጉዝ የአንድ ካምፓኒ ኮምፒውተሮች ኃላፊ ነበሩ። አንድ ቀን ከዘውዴ ጋር ስነታረክ ሰምተው «ምን ተምረሻል?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ታዲያ እዚህ ከቢራ ሣጥን ጋር ምን ያጣላሻል?» አሉና በሳምንቱ አስቀጠሩኝ።

ካምፓኒው ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባዎች ነበሩት፤ እነሱን ነው ባርጅ የምንላቸው። ጦርነቱ በትኗቸው የኖሩ ሰዎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ዕቃቸውን በነዚህ ይልኩ ነበር። አልጋ፣ ፍራሽ፣ ድስት፣ አንዳንዴ የቤት በር ከነመዝጊያው። ጁባ ወደብ ላይ ዕቃው ይመዘናል፣ ቁጥር ይለጠፍበታል፣ ለባለቤቱም ያው ቁጥር ያለበት ደረሰኝ ይሰጠዋል። ቁጥሩ በየጥር ወሩ ከአንድ ይጀምራል። ቁጥሩን የሚሰጠው፣ የማን እንደሆነም የሚያውቀው ዳታቤዙ ነው። የመጀመሪያው ሥራ አስኪያጃችን ከካርቱም የተላከ፣ በዚያ ሙቀት ኮቱን የማያወልቅ ሰው ነበር። ዳታቤዙን «የጁባ ቅርንጫፍ» ብሎ የሰየመው እሱ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ዳታቤዝን ግን የሚሰይመው የቸኮለ ሰው ነው።

ጋሽ ኑረዲን አንድ ነገር ከመንካታቸው በፊት በእግራቸው ይዞራሉ። ቢሮ ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየት አያረካቸውም። ቢሮውንም መጋዘኑንም ወደቡንም አዳርሰው፣ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ አጠገብ ይቀመጡና «ይህን ስትከፍት መጀመሪያ ምን ታያለህ?» ይላሉ። የሚሰርዙት ነገር ካለ ትእዛዙን ይጽፉና ሁለት እጃቸውን ከኪቦርዱ አንስተው ብብታቸው ውስጥ ይከታሉ። ከዚያ አጠገባቸው ላለ ሰው ጮክ ብለው ያነቡለታል። «ዓይን ያጭበረብራል፣ ጆሮ ግን ይይዛል» ይሉ ነበር። መጀመሪያ ሳያቸው ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ውጭ ወጥቼ ስቄአለሁ። በኋላ እኔም እጄን ብብቴ ውስጥ መክተት ጀመርኩ፤ እስከ ጡረታዬም አልተወኝም።

ደቡብ ሱዳን ነፃ ልትወጣ ወራት ሲቀሩ ካምፓኒውም ለሁለት ሊከፈል ሆነ። አንድ ባርጅ ብቻ የደረሰውን የጁባውን ወገን የያዘው አዲሱ አለቃችን ላዱ ነበር። የጁባ ልጅ ነው፣ ከእኔ ያንሳል፣ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ፣ ልቡ ግን ደግ ሰው። የዳታቤዙ ስም በየደረሰኙ አናት ላይ ይታተም ስለነበር አንዱን ደረሰኝ ይዞ ገባ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ በእንግሊዝኛ። «ከእንግዲህ እኔ የማንም ቅርንጫፍ አይደለሁም። ከሐምሌው የነፃነት በዓል በፊት ይቀየርልኝ።»

በኩራት ብቻ አልነበረም። ካርቱምም በዚያው ስም የተሰየመ ቅጂ ነበራት። ሁለት ካምፓኒ በአንድ ስም ቢቀጥል አንድ ቀን የአንዱ ቅጂ በሌላው ላይ መጫኑ አይቀርም። ጋሽ ኑረዲንም «ልክ ነው፣ ይቀየር» አሉ። አዲሱ ስም «ጁባ ወደብ» ሆነ።

የዳታቤዝ ስም መቀየር ላላየው ሰው ቀላል ይመስላል። እኛ የምንጠቀምበት ሲስተም አንድ ሰሞን በአንድ መስመር ስም የሚቀይር ትእዛዝ አውጥቶ፣ አደገኛ ሆኖ ሲገኝ መልሶ አንስቶታል። ስለዚህ ሥራው ቤት እንደ መልቀቅ ነው። መጀመሪያ ሙሉ ቅጂ ይወሰድና ቅጂው በትክክል መከፈቱ በሌላ ማሽን ላይ ይሞከራል። ከዚያ በአዲሱ ስም ባዶ ቤት ይሠራና ሠንጠረዦቹ አንድ በአንድ ይዛወራሉ። ከሠንጠረዦቹ ጋር አብረው የማይሄዱ ነገሮች አሉ፤ አንድ መዝገብ ሲገባ በራሳቸው የሚነቁ ትእዛዞች እንደገና መጻፍ አለባቸው። ማን ገብቶ ምን ማድረግ ይችላል የሚለው ፈቃድ ደግሞ የሚጻፈው በቤቱ ስም ነው። ለአዲሱ ስም አዲስ ፈቃድ ካልተሰጠ ማንም አይገባም። የአሮጌው ስም ፈቃድ ደግሞ ቤቱ ቢፈርስም ወረቀቱ እንደሚቀር ሁሉ እዚያው ይቀራል። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር አንባቢ ይያዝልኝ።

ሁሉንም አደረግን። ጋሽ ኑረዲን ዞሩ፣ ጠየቁ፣ የእያንዳንዱን ማሽን ፕሮግራም ወደ አዲሱ ስም አዞርን። አሮጌውን ቤት ባዶውን ትተን በድሮው ስም የሚያንኳኳ እንዳለ ስናዳምጥ ሰነበትን። አንድም አላንኳኳም። ባርጁ በዚያ ሰሞን ከጁባ ርቃ በወንዙ ዳር ባለችው ማላካል ከተማ ሞተሩ ተበላሽቶ ቆሞ ነበር፤ ወደቡ ጭር ብሏል። ላዱ ስክሪኑ ላይ አሮጌውን ስም ባየው ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል። «ካላስ! በቃ፣ አጥፉልኝ» አለ። ጋሽ ኑረዲን ትእዛዙን ጻፉ፣ እጃቸውን ብብታቸው ከተቱ፣ ጮክ ብለው አነበቡልኝ፣ እኔም «ልክ ነው» አልኩ፣ ጠፋ።

እኛ ያላወቅነው ነገር ወደቡ ላይ ነበር። የሚዛን ቤቱ ሠራተኛ ሎሮ ሁለተኛ ኮምፒውተር ነበረው፤ ዓምና ተቃጥሎ ሞተ ብለን ከዝርዝር አውጥተነዋል። ጁባ ውስጥ ግን የሞተ ማሽን የለም። ሎሮ ገበያ ወስዶ፣ ከሌላ ሬሳ ዕቃ አስወጥቶ አስገጥሞለት፣ ባርጅ ሲመጣ በሁለት ጠረጴዛ ሰው ሊያስተናግድና ሊያስደንቀን ደብቆ አስቀምጦታል። ጋሽ ኑረዲን ሲዞሩ ጀነሬተሩም አልተነሳም፣ ማሽኑም ጨርቅ ለብሶ ጥግ ላይ ነበር። በዚያ ማሽን ውስጥ ያለው ፕሮግራም ደግሞ ጋሽ ኑረዲን ራሳቸው በመጀመሪያው ዘመን የጻፉት ነው። ያኔ ዳታቤዙ የተቀመጠበት ዋና ማሽን፣ ሰርቨሩ፣ ቶሎ ቶሎ ይወድቅ ስለነበር፣ ሰው በፀሐይ ተሰልፎ እንዳይቀር ብለው፣ ዳታቤዙን ካጣኸው ባዶ ሠርተህ ሥራህን ቀጥል ብለው አዝዘውታል።

ባርጁ ተጠግኖ መጣ። ሎሮ ጨርቁን ገልጦ ማሽኑን አስነሳ። ማሽኑ «የጁባ ቅርንጫፍ»ን ፈለገ፣ አጣው። ፈቃዱ ግን አልተሻረምና በዚያው ስም ባዶ ቤት ሠራና ሥራውን ጀመረ። ቁጥሩን ከአንድ። ሁሉ ነገር ሰላም ነበር፤ ስክሪኑ አልጮኸም፣ ማተሚያው አልተቋረጠም። ሎሮም ማምሻውን ደውሎ «ማፊ ሙሽኪላ! ችግር የለም፣ ዛሬ ሰልፉ በግማሽ ጊዜ አለቀ» አለን። አመሰገንነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ አንዲት ሴት ደረሰኝ ይዛ ወደ ቢሮ መጣች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዓይኗ በዕንባ የቀላ። ከዘውዴ ጋር በስልክ ስነታረክ ስትሰማኝ ቆም አለች።

«ሐበሻ ነሽ?» አለችኝ በአማርኛ። «እኔ ኑዌር ነኝ፣ ያደግሁት ጋምቤላ ነው። ኛማል እባላለሁ። እህቴ፣ ዕቃዬን ለሰው ሰጥተዋል።»

ዕቃዋ የስፌት መኪና ነው። በጥር አስቀድማ ልካዋለች፤ እሷ እናቷ ታመውባት ማላካል ቀርታ ነበር። ደረሰኙን የጀልባው ጸሐፊ በመልሱ አድርሶላታል፤ ቁጥሯ አርባ ሰባት። መጋዘን ሄዳ አርባ ሰባትን ስትጠይቅ የአናጢ መሣሪያ ሣጥን አወጡላት።

«ለነፃነቱ ቀን የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ልብስ ልሰፋ ተቀብያለሁ» አለች። «ጨርቁ እኔ ጋር ነው። መዘምራኑ ሃያ ናቸው። መኪናዬ ከሌለ ምን ልላቸው? ገና አሁን መግባቴ ነው፣ በዚህ ከተማ ማን ያምነኛል ከዚያ በኋላ?»

ሰርቨሩን ከፈትኩ። ከአዲሱ ስም ጎን አሮጌው ስም ቁጭ ብሏል። በዓይኔ ያየሁት ስረዛ፣ በጆሮዬ የሰማሁት ትእዛዝ! ጋሽ ኑረዲንን ጠራኋቸው። ቆመው አዩት፣ ውስጡን ከፍተው ቁጥሮቹን ከአንድ ጀምሮ ወደ ታች አነበቡ፣ ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«የእኔ ፕሮግራም ነው» አሉ። «ሰው እንዳይጉላላ ብዬ የጻፍኩት።»

አንድ ቁጥር የሁለት ሰው ዕቃ ላይ ተለጥፎ ነበር። የመጋዘኑ ሰው ቁጥር እንጂ ሰው አያይም፤ በሰኔ የመጡት ሰዎች ደረሰኝ ሲያሳዩት ከጥር ጀምሮ የተቀመጠውን የሌላ ሰው ዕቃ እያወጣ ሰጥቷቸዋል። ላዱ ሲሰማ ጠረጴዛውን መታ። «ሎሮ ይባረር! ማን ማሽን አስነሳ አለው?»

ጋሽ ኑረዲን ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ሎሮ የሞተ አስነሣ እንጂ ምን አጠፋ? ያጠፋነው እኛ ነን። ጭር ያለ ወደብ አይተን መልስ አገኘን ብለን። ባርጁ መጥቶ ሄዶ ነበር?»

ጋሽ ኑረዲን ኮፍያቸውን አድርገው ወደብ ሄዱ፤ ተከተልኳቸው። ዕቃ ሊወስዱ የቆሙት ሰዎች ፊት ቆመው በጁባ ዐረብኛ ጥፋቱ የእሳቸው እንደሆነ፣ ቁጥሩ በስም እስኪጣራ ማንም ዕቃ እንዳይወስድ ተናገሩ። የሰደባቸው ነበር፣ ውሃ ያቀበላቸውም ነበር። ከዚያ ቀን በፊት እወዳቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን አከበርኳቸው።

ያ እንደ ገና የተወለደው ባዶ ቤት ያሳተን እሱ ነው፣ ያዳነንም እሱው ነው። አርባ ሰባት ቁጥርን በሰኔ የተቀበለው ሳይመን የሚባል አናጢ፣ ጉዴሌ ሰፈር የሚኖር ሰው መሆኑን ያው መዝገብ ነገረን። ጋሽ ኑረዲን መጀመሪያ የአናጢውን ሣጥን ፒክአፕ ላይ አስጫኑ። «ባዶ እጁን የሄደ ባዶ እጁን ይመለሳል» አሉ። ኛማልን ከፊት አስቀምጠን ሄድን። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ጉዴሌ መግቢያ ላይ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀበረ። ሣጥኑን አውርደን እኔ፣ ሾፌሩና ኛማል እየተፈራረቅን ተሸከምነው። ጋሽ ኑረዲን ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ከፊት ከፊታችን እየጠየቁ ሄዱ።

ሳይመንን ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ጣራው ግማሹ ብቻ ቆርቆሮ አለው፤ ግማሹ ሸራ። የስፌት መኪናው ከደረቀው ወገን በፕላስቲክ ተሸፍኖ ቆሟል።

ኛማል አየችው። «እሱ ነው!» ብላ ልትሮጥ ስትል ሳይመን ተነስቶ መንገድ ዘጋ።

«የእኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለ፤ ጋሽ ኑረዲን ያስተረጉሙልኛል። «ብመልሰው ግን የእኔን ማን ይሰጠኛል? ያለ መሣሪያ ይህን ጣራ በምን ልጨርስ?»

ያኔ ሾፌሩ ከኋላ ሣጥኑን ተሸክሞ እያለከለከ ደረሰ። ሳይመን ሣጥኑን ሲያይ ተንበረከከ። ከፍቶ መዶሻውን፣ መጋዙን፣ መላጊያውን አንድ በአንድ እያወጣ ዳሰሳቸው። ኛማል ደግሞ የመኪናዋን መዘውር አዞረች፤ ዞረ። ሁለቱ ሰዎች ሳይተዋወቁ ተያዩና ሳቁ። እኔ አለቀስኩ፣ አላፍርም። የሳይመን ሚስት ጭቃ እግራችንን እንድንታጠብ ውሃ አመጣችልን።

የሌሎቹንም በየሰፈሩ ዞረን መለስን። አንድ ፍራሽ ግን አልተገኘም። ባለቤቱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጋሽ ኑረዲን የራሳቸውን ፍራሽ ወስደው ሰጧቸው፤ ሽማግሌው ግን «ይህ የእኔ አይደለም» እያሉ ነው የተቀበሉት። ይህ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

የነፃነቱ ቀን መዘምራኑ በነጭ ለብሰው ሲያልፉ ዘውዴና እኔ መንገድ ዳር ቆመን አየናቸው። ሃያዎቹም ለብሰዋል። አጠገባችን የቆመችው ኛማል ከመካከላቸው የአንዷ ጠርዝ ረዘም ማለቱ አንገብግቧት ስታሳየኝ ነበር፤ እኔ ግን ምንም አላየሁም። ከተረፈው ጨርቅ ለጋሽ ኑረዲን ጀለቢያ ሰፋችላቸው። የመዘምራን ጨርቅ መሆኑን ሲሰሙ እየሳቁ ለበሱት፤ ዓርብ ዓርብ መስጊድ የሚሄዱትም በእሱው ሆነ።

ከዚያ ሥራውን እንደ ገና ጀመርን። የሰኔውን መዝገብ አዲስ ቁጥር እየሰጠን ወደ አዲሱ ስም አስገባን፣ የሎሮንም ማሽን ዝርዝር ውስጥ መልሰን አስተካከልን፣ ያን ባዶ ቤት የሚሠራ ትእዛዝ ከፕሮግራሙ አወጣን። አሮጌውን ስም ግን አላጠፋነውም። ፈቃዱን ብቻ ሻርን። በድሮው ስም የሚመጣ ካለ በር ላይ ይጩህ፣ እኛም እንስማ ብለን። ላዱ ስክሪኑን ሲያይ አሁንም ፊቱ ይጠቁራል፤ ጋሽ ኑረዲን «አብሽር፣ ባርጁ መጥቶ ይሂድ» ይሉታል። እሱም ሳይወድ በግዱ ይስቃል።

ባርጁ ክረምቱ መሀል መጣ። ወደቡ ላይ ሆኜ እያዳመጥኩ ሳለ በአሮጌው ስም አንድ ጩኸት ተሰማ። ከየት? ከባርጁ ከራሱ! የጀልባው ጸሐፊ ማላካል ላይ ዕቃ የሚመዘግብበት ላፕቶፕ ነበረው፤ ከባርጁ ጋር የሚኖር፣ ማንም በእግሩ ዞሮ ሊደርስበት የማይችል ማሽን። ለዝርዝራችንም አዲስ ነበር። ጸሐፊው «ተበላሸ!» እያለ ይዞት መጣ። ሻይ ሳይቀዘቅዝ አስተካከልንለት። ጋሽ ኑረዲን እኔን አይተው ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ።

ከወረዱት መንገደኞች መካከል በዱላ የሚራመዱ አንዲት አሮጊት ነበሩ። የኛማል እናት። ኛማል በአንድ እጇ እናቷን ደግፋ፣ በሌላው አንድ የታሠረ አንሶላና ድስት አቅፋ ከሎሮ ጠረጴዛ ፊት ቆመች። ሎሮ መዘነ፣ ማሽኑ ቁጥር አወጣ፣ ደረሰኙን ሰጣት። ኛማል ደረሰኙን አገላብጣ ካየች በኋላ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይህ ቁጥር ሌላ ሰው አለው?» አለችው።

ሎሮ ወደ እኔ ዞረ። ጠረጴዛው ጋ ሄጄ አዲሱን ቤት ከፈትኩ፣ ቁጥሩን ፈለግሁ። አንድ መስመር ብቻ ወጣ። ስክሪኑን ወደ እሷ አዞርኩላት።

«የለም» አልኳት። «የእናትሽ ብቻ ነው።»

ኛማል ለእናቷ በኑዌርኛ ነገረቻቸው። አሮጊቷ ደረሰኙን ተቀብለው በመቀነታቸው ቋጠሩት።

ባርጁ ዕቃ ጭኖ ወደ ማላካል የተመለሰው ዓርብ ቀን ነው። ጋሽ ኑረዲን በነጩ ጀለቢያቸው ከመስጊድ ቀጥታ ቢሮ መጡና ወንበሬ አጠገብ ተቀመጡ። አሮጌውን ስም የሚያጠፋውን ትእዛዝ ጻፍኩ። እጄን አነሳሁ፣ ብብቴ ውስጥ ከተትኩ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«ባርጁስ?» አሉኝ።

በመስኮት ወደ ወንዙ አየሁ።

«መጥቶ ሄደ» አልኳቸው፤ ቁልፉንም ተጫንኩ።